ከፋውል በኋላ ማን ይምታ? በአንድ ስኑከር ቤት የተነሳ ክርክር

ጉዳዩ ለምን ይጻፋል

ስኑከር ቤት ውስጥ ፋውል (የሕግ ጥፋት) መሆኑ ብዙ ጊዜ አያጣላም። ነጯ፣ በዱላ የምትመታዋ ኳስ፣ ጉድጓድ ስትገባ ሁሉም ያያል። ያልተፈቀደ ኳስ ሲመታም ሁሉም ይሰማል። ጸቡ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ስንት ነጥብ ይያዛል? ቀጥሎ የሚመታው ማን ነው? ነጯ ባለችበት ትቆይ ወይስ ትነሳ? ፍሪ ቦል፣ ማለትም የፈለጉትን ኳስ የመምታት መብት፣ አለ ወይስ የለም? ሕጉ ለእነዚህ ሁሉ ቁርጥ ያለ መልስ አለው። ቤቶቻችን ውስጥ ግን መልሱ እንደየሰዉ ይለያያል።

እዚህ የማቀርበው በመሀል አዲስ አበባ፣ በሜክሲኮና በለገሃር መካከል ባለ አንድ ቤት የተፈጠረ ጉዳይ ነው። የቤቱንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ውድድሩን ካስተባበሩት አንዱ ስለነበርኩ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ነገሩ የአንድ ፋውል ነገር ነው። በዚያች አንዲት ፋውል ላይ ግን ተጫዋቾቻችን የሚሳሳቱባቸው ነገሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ተገናኝተው ነበር።

የቤቱ ሁኔታ

ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። አብዛኛው ቦታ በፑል ጠረጴዛዎች የተያዘ ነው። ስኑከር ጥግ ላይ ነው ያለው። ሙሉ መጠን ያለው የስኑከር ጠረጴዛ ርዝመቱ 12 ጫማ፣ ወርዱ 6 ጫማ ነው። ዱላ ወደ ኋላ ለመሳብ ደግሞ ዙሪያውን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። በመሀል ከተማ ኪራይ ያን ያህል ቦታ ለአንድ ጠረጴዛ መስጠት ለባለቤት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ስኑከር ያለበት ቤት ጥቂት ነው፤ ያለበት ቤት ደግሞ ከየአቅጣጫው የመጣ ተጫዋች ይሰበሰብበታል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ እዚያ ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች ጠረጴዛ ፍለጋ ተበተኑ። ከእነሱ ጥቂቶቹ ወደዚህ ቤት መጡ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ለረጅም ዓመታት አብረው የተጫወቱ ሰዎች ናቸው። የራሳቸው ደንብ አላቸው፦ ፋውል ሁሉ አራት ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ይያዝና ጨዋታው ይቀጥላል። ከዚህ ሌላ ክርክር አያውቁም። እርስ በርስ ሲጫወቱም ምንም ችግር የለባቸውም።

የቤቱ ወጣቶች ግን ከፑል ነው የመጡት። ፑል ላይ ተጋጣሚህ ፋውል ከሠራ ነጯን በእጅህ አንስተህ የፈለግክበት ታስቀምጣለህ። እጃቸው ይህን ለምዷል። ሦስተኛው ወገን ተመልካቹ ነው። ከዩቲዩብ የዓለም ሻምፒዮና እያየ ያደገ፣ «ሚስ» (ኳሱን ለመምታት በቂ ጥረት አልተደረገም) የሚለውን የዳኛ ጥሪ በደንብ የሚያውቅ ነው። ሚስ መቼ እንደሚባልና መቼ እንደማይባል ግን አያውቅም።

ሦስቱ ልማዶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተገናኙ። ቤቱ ውድድር ሲያዘጋጅ ማንም «በየትኛው ሕግ ነው የምንጫወተው?» ብሎ አልጠየቀም። ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ሕግ መስሎታል። ዳኛ አልነበረም። ነጥብ የሚይዘው የቤቱ ቆጣሪ ነበር። ቆጣሪው ታማኝና ጠንቃቃ ልጅ ነው፤ ሥራው ግን መቁጠር እንጂ መፍረድ አልነበረም።

ፋውሏ

ግማሽ ፍጻሜ ነው። በፍሬም (አንድ ፍሬም አንድ ሙሉ ዙር ነው) እኩል ሆነው ወደ መጨረሻው ገብተዋል። በአንድ በኩል ከፒያሳ ከመጡት አንዱ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው ሰው። በሌላው በኩል በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት። ነጥቡ 47 ለ 38 ነው፤ ጋሼ ይመራሉ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቀይና ስድስቱም ባለቀለሞች አሉ። ቀይ 1፣ ጥቁር 7 ነጥብ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቀይ በኋላ አንድ ባለቀለም ይመታል። ከሁለቱ ቀዮች ጋር ሁለቴ ጥቁር ቢገባ 16፣ በመጨረሻ ስድስቱ ባለቀለሞች ራሳቸው 27፤ በድምሩ 43 ነጥብ ቀርቷል። ፍሬሙ የማንም ሊሆን ይችላል።

ተራው የጋሼ ነው፤ መምታት ያለባቸው ቀይ ነው። ነጯ ግን ከቡናማዋ ጀርባ ተደብቃለች። ጋሼ ብዙ አሰቡ። የጎን ጎማ (የጠረጴዛውን ጠርዝ) አስመትተው ለመድረስ ወሰኑ። ምቱ ጥሩ ነበር። ነጯ ጎማ ነክታ ተመለሰች፤ ቀይዋን ለጥቂት ስታ አለፈችና ሰማያዊዋን መታች። ከዚያ ተንከባልላ በቀኝ ጎማ አጠገብ ቆመች።

ከቆመችበት ቦታ ሲታይ አንዷ ቀይ ሙሉ በሙሉ ከሮዟ ጀርባ ናት። ሌላዋን ቀይ ጥቁሯ በከፊል ጋርዳታለች። የቀይዋ ቀኝ ጠርዝ ይታያል፤ ግራው አይታይም።

ቆጣሪው «አራት» ብሎ ጻፈ። ወጣቱ «ሰማያዊ ነው የተመታው፣ አምስት ነው» አለ። ጋሼ «ፋውል አራት ነው ልጄ፣ እኛ ስንት ዓመት ተጫወትን» አሉት። ወጣቱ ነጥቡን ተወት አድርጎ ሌላ ነገር አነሳ። «ይሄ እኮ አይታይም፣ ፍሪ ቦል ነው» አለ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩ። «እንዴት አይታይም? ግማሹ ፊት ለፊትህ ነው» አሉ። በዚህ መሀል ከኋላ ያለ ተመልካች «ሚስ ነው! ይመለስና ይድገሙት!» ብሎ ጮኸ።

ወጣቱ በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል ነጯን በእጁ አነሳት። ይዟት ወደ ቀዮቹ ሄደ። ፑል ላይ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ጋሼ ደነገጡ፤ «ወዴት ነው የምትወስዳት?» አሉ። ቤቱ ተናወጠ። ሁለት ሦስት ሰው በአንዴ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አንዱ ልጅ ከጉድጓድ ቀይ አውጥቶ በጥቁሯና በቀይዋ መካከል ያልፍ እንደሆነ ሊለካ ሞከረ። የዓለም አቀፉ ሕግ ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ ከጨዋታ የወጣ ኳስ ለመለኪያ የተጠቀመ ተጫዋች 7 ነጥብ ይቀጣል። ልጁ ተመልካች ስለነበር ማንንም አላስቀጣም፤ ግን ጫጫታው ምን ያህል እንደደረሰ ያሳያል።

ሕጉ ምን ይላል

ወደ ተወሰዱት እርምጃዎች ከማለፌ በፊት ሕጉን ላስቀምጥ። ያለዚያ የሚቀጥለው ነገር ግልጽ አይሆንም።

መጀመሪያ ነጥቡ። የፋውል ዝቅተኛው ቅጣት 4 ነው፤ ከፍተኛው 7። በመካከል ያለው የሚወሰነው በኳሶቹ ዋጋ ነው። መመታት የነበረበት ኳስ ወይም በስህተት የተነካው ኳስ፣ ከሁለቱ የበለጠው ዋጋ ይያዛል። ቀይ መምታት ሲገባህ ሰማያዊ ከመታህ 5 ነው። ሮዝ ከመታህ 6፣ ጥቁር ከመታህ 7። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ብትመታ ግን ዋጋቸው ከ4 ስለሚያንስ 4 ይሆናል። ነጥቡ ከጥፋተኛው አይቀነስም፤ ለተጋጣሚው ይጨመራል። ብዙ ቤቶች «ፋውል አራት ነው» የሚሉት ዝቅተኛውን ብቻ ይዘው ነው።

ቀጥሎ ምርጫው። ፋውል የተሠራበት ሰው ነጯ ባለችበት ራሱ መምታት ይችላል። ካልፈለገ ጥፋተኛው እንዲደግም መጠየቅ ይችላል። አንዴ «ይድገም» ካለ ቃሉን መመለስ አይችልም። ነጯ በእጅ የምትነሳው ጉድጓድ ከገባች ወይም ከጠረጴዛው ከወጣች ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን የትም አትቀመጥም፤ በጠረጴዛው አንድ ጫፍ በኩል በተሰመረው የዲ (D) ቅርጽ ውስጥ ነው። ከዚያ ውጭ በጨዋታ ላይ ያለች ነጭ መንካት ራሱ ፋውል ነው።

ሦስተኛው ፍሪ ቦል ነው። ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከፋውል በኋላ ነጯ ከተከለለች የሚመታው ሰው ማንኛውንም ኳስ መመታት እንዳለበት ኳስ (ለምሳሌ እንደ ቀይ) ቆጥሮ መምታት ይችላል። ጥያቄው «ተከለለ» የሚባለው መቼ ነው የሚለው ነው። ሕጉ «ኳሱ ይታያል?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቢያንስ አንዱን መመታት ያለበት ኳስ በሁለቱም ጠርዞቹ፣ በግራም በቀኝም፣ በቀጥታ መስመር መንካት ይቻላል ወይ ብሎ ነው። አንዱ ጠርዝ በሌላ ኳስ ከተጋረደ፣ ሌላ ግልጽ የሆነ ቀይ ከሌለ፣ ፍሪ ቦል ነው።

ዓይንም እዚህ ላይ ያሳስታል። ሰው ከነጯ ኋላ ጎንበስ ብሎ ሲያይ የሚያየው በቀጭን መስመር ነው። ነጯ ግን ስፋት አላት፤ 52.5 ሚሊሜትር። የቀይዋን የግራ ጠርዝ በስሱ ለመንካት ነጯ ሙሉ አካሏ በቀይዋ ግራ በኩል ማለፍ አለባት። በቀኝም እንዲሁ። ስለዚህ ቀይዋ ጋ ሲደረስ የሚያስፈልገው ክፍት ቦታ የሦስት ኳስ ስፋት ነው፤ ቀይዋ ራሷ፣ በግራዋ አንድ፣ በቀኟ አንድ። ቀይዋ ሙሉ ለሙሉ ታይታ እንኳ ፍሪ ቦል ሊሆን ይችላል። ይህን ያወቀ ሰው «ይታያል፣ አይታይም» ብሎ አይከራከርም።

የመጨረሻው ሚስ ነው። ሕጉ ተጫዋቹ በችሎታው ልክ መመታት ያለበትን ኳስ ለመምታት እንዲጥር ያዛል። ዳኛው በቂ ጥረት አልተደረገም ብሎ ካመነ «ፋውል ኤንድ ኤ ሚስ» ይላል። ያኔ ተጋጣሚው ከሌሎቹ ምርጫዎች በተጨማሪ ኳሶቹ ወደ ነበሩበት ተመልሰው ጥፋተኛው እንዲደግም መጠየቅ ይችላል። ፕሮፌሽናል ጨዋታ ላይ ይህ በብዛት ይጠራል፤ የተጫዋቾቹ ችሎታ ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙ ይጠበቅባቸዋል። «በችሎታው ልክ» የሚለው ቃል ግን ለእኛ ቤቶች ትልቅ ነገር ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉንም ከጠረጴዛው ማራቅ ነበር። ሁለቱም ዱላቸውን ግድግዳ አስደገፉ። ወጣቱ ነጯን ለቆጣሪው ሰጠ። ሻይ ታዘዘ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ የረዳው ይህ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ ስኒ ሲይዝ ድምፁ ዝቅ ይላል።

ከዚያ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነሳን። ሕጉን ስልክ ላይ ከፍተን ጮክ ብለን አነበብን። ስለ ነጥቡ ሁለቱም ነጯ መጀመሪያ የነካችው ሰማያዊዋን መሆኑን አምነዋል። ስለዚህ 5 ሆነ፤ 47 ለ 43። ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው «እኛ ጋ አራት ነበር፤ ይሁን፣ የተጻፈው ይሁን» አሉ።

ሚሱ ላይ ብዙ አልቆየንም። ጋሼ ቀይዋን የሳቷት ለጥቂት ነው። ከቡናማ ጀርባ ጎማ አስመትተው ያን ያህል መቅረባቸው ጥሩ ሙከራ ነው። ወጣቱ ራሱ «ሚስ አልጠየቅኩም» አለ። የጠየቀው ተመልካቹ ነበር። ተመልካች ደግሞ ምንም መጠየቅ አይችልም።

ነጯን ወደ ቦታዋ መመለስ ከባዱ ነበር። የወጣቱ ጓደኛ ጨዋታውን በስልክ እየቀረጸ ነበር። ቪዲዮው መጀመሪያ የተመታው ሰማያዊ መሆኑን በደንብ ያሳያል። ነጯ የቆመችበትን ግን ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚያሳየው። እንደ አጋጣሚ ጠረጴዛው በቀኝ ጎማ በኩል ጨርቁ ተቀዶ የተለጠፈበት ቦታ አለ። ቪዲዮው ላይ ነጯ ከዚያ ልጥፍ ሁለት ጣት ያህል ርቃ ትታያለች። ቆጣሪው ነጯን በቀስታ አስቀመጠ። ጋሼ «ትንሽ ወደዚህ» አሉ። ወጣቱ «እሺ» አለ። ሁለቱም «ይሁን» እስኪሉ ድረስ ቆጣሪው እጁን አላነሳም።

አሁን ፍሪ ቦሉ ቀረ። ችግሩ ግልጽ ነው። ነጯ የተመለሰችው በግምት ነው። ከነበረችበት ትንሽ ፈቀቅ ካለች የቀይዋ ግራ ጠርዝ ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ አሁን ጎንበስ ብሎ ማየት አስተማማኝ አልነበረም። ማስረጃውን ያጠፋው ደግሞ ነጯን ያነሳው ወጣቱ ራሱ ነው።

ሕጉን ደግመን አነበብን፤ ሁለቱም ጠርዝ። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ቅድም ግማሹ ይታያል ነው ያልኩት» አሉ። «ሙሉ ይታያል አላልኩም። ሕጉ እንዲህ ከሆነ ልጁ ልክ ነው። ፍሪ ቦሉን ይውሰድ።»

ነጯ ከመነሳቷ በፊት የሰጡት የራሳቸው ቃል ነበር ማስረጃው። ያን ቃል የተናገሩት ፍሪ ቦል አይደለም ለማለት ነበር። ሕጉ ሲነበብ ግን ለወጣቱ መሰከረለት። ሊክዱ ይችሉ ነበር፤ ማንም ሊያረጋግጥባቸው አይችልም። አልካዱም።

የቀረው ወጣቱ ነጯን ማንሳቱ ነበር። በሕጉ ፋውል ነው፤ 4 ነጥብ ለጋሼ፣ ምርጫውም ወደ እሳቸው ይዞራል። ፍሪ ቦሉም ይቀራል። እኛ አልቀጣነውም። ምክንያታችን ሁለት ነበር። ውድድሩ ሲጀመር ሕጉ አልተነገረም፤ ከጎን ባሉት የፑል ጠረጴዛዎች ላይ ደግሞ ያው ድርጊት መብት ነው። ጋሼም «ከልጁ ላይ በዚህ ነጥብ አልወስድም» አሉ።

የተገኘው ውጤት

ወጣቱ መሀል ጉድጓድ አጠገብ የነበረችውን ሮዝ እንደ ቀይ ጠርቶ አስገባት። እንደ ቀይ ስለተቆጠረች 1 ነጥብ ብቻ ያዘ። ሮዟም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ቀጥሎ የመረጠውን ባለቀለም ሳተ። ጨዋታው ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ክርክር አልተነሳም። ፍሬሙ እስከ ጥቁሯ ድረስ ሄደ። ወጣቱ ጥቁሯን አስገብቶ 64 ለ 61 አሸነፈ።

ልዩነቱ ሦስት ነጥብ መሆኑን ልብ ይሏል። ያልቀጣነው አራት ነበር። እንዲያውም ጥቁሯ ብቻ ስትቀር ጋሼ 61 ለ 57 ይመሩ ነበር። አራቱ ቢጨመርላቸው ልዩነቱ ስምንት ሆኖ፣ ጥቁሯ ደግሞ ሰባት ብቻ ስለሆነች፣ ፍሬሙ እዚያው ያልቅ ነበር። የፒያሳ ጓደኞቻቸው ይህን ወዲያው አሰሉት። ቅሬታቸው ለብዙ ጊዜ አልበረደም። ጋሼ ራሳቸው አንድም ቀን አላነሱትም።

እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ያልተነገረ ሕግ ጥሰሃል ብሎ ሰው መቅጣት ተገቢ አይደለም። ቅሬታ ያነሱትም ግን ከሕጉ አልወጡም። ከሕጉ የወጣነው እኛ ነን፤ ዋጋውን የከፈሉት ጋሼ ናቸው።

ከፍጻሜው በፊት የተለወጠው

ለፍጻሜው አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍን። የመጀመሪያው ረጅም ነበር፤ ሕጉን በሙሉ ለመተርጎም ተሞክሮ ነበር። ማንም አላነበበውም። ሁለተኛው ከፋውል በኋላ ያለውን ቅደም ተከተል ብቻ ያዘ፦ መጀመሪያ ማንም ኳስ አይንካ፤ መጀመሪያ የተመታው የቱ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ነጥቡ ይጻፍ፤ ነጯ ጠረጴዛው ላይ ናት ወይስ ወጥታለች ይባል፤ ፍሪ ቦል መሆኑ ይታይ፤ በመጨረሻ ማን እንደሚመታ ይነገር። ይህን ሰዉ ቆሞ አነበበው።

ቆጣሪው ዳኛም ሆነ። ከሁሉም የጠቀመው ይህ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ከሕጉ ይልቅ ከባህላችን ጋር ይያያዛል። ወጣት ልጅ ታላቁን ሰው «ይድገሙ» ማለት ይከብደዋል። ትእዛዝ ይመስላል። አንዳንዱ ነውር ነው ብሎ መብቱን ይተዋል። ሌላው ደፍሮ ሲል ታላቁ ይቀየማሉ። ዳኛ ካለ ግን ወጣቱ ለዳኛው በጆሮው ይነግረዋል፤ ዳኛው «ጋሼ፣ ይድገሙ ተብሏል» ይላል። ነገሩ የጨዋታው ይሆናል እንጂ የልጁ አይሆንም።

ፍጻሜው ላይ ወጣቱ የገጠመው ሌላ ታላቅ ሰው ነበር፤ ይህ ነገር እዚያ ተፈተነ። ወጣቱ ፋውል ተሠርቶለት «ይድገሙ» አስባለ። ተጋጣሚው ተረጋግተው ሲያነጣጥሩ አይቶ «ይቅር፣ እኔው ልምታ» አለ። ዳኛው ወደ ወረቀቱ ጠቆመ። ቃሉ አይመለስም። ወጣቱ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ።

በዚያው ጨዋታ ተጋጣሚው ቀይ ሲሞክሩ ነጯ ጉድጓድ ገባች። 4 ነጥብ ተያዘ፤ ነጯ ለወጣቱ በእጅ ሆነች። ወጣቱ ዲው ውስጥ አስቀመጣትና ፍሪ ቦል ጠየቀ። ነጯ በእጅ ስትሆን ግን መለኪያው ይለያል። ከዲው ውስጥ ካለ ከየትኛውም ነጥብ የአንድ ቀይ ሁለቱንም ጠርዝ መንካት ከተቻለ ፍሪ ቦል የለም። ዳኛው ነጯን ወደ ዲው ግራ ጥግ አድርጎ አሳየው፤ ከዚያ አንዷ ቀይ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነበረች። ክርክሩ ሻይ ሳያስፈልገው አለቀ።

ያልሠራው

ሚስን በተመለከተ መጀመሪያ የወሰንነው አልሠራም። በምድብ ጨዋታዎች ዳኛ ስለማይኖር ሚስ እንዳይኖር ተስማማን። ብዙም ሳይቆይ አንዳንድ ተጫዋቾች ከስኑከር (ነጯ ከተከለለችበት ሁኔታ) ለመውጣት መልፋት ተዉ። ነጯን ወደ ሩቅ ጎማ ልከው አራት ነጥብ ከፍለው ይቀመጣሉ። ተጋጣሚው «ይድገሙ» ማለት ይችላል፤ ግን ነጯ ለማንም የማትመች ቦታ ከቆመች ድጋሚው ብዙ አያስጨንቃቸውም። ስለዚህ አሻሻልነው። መመታት ያለበት ኳስ በቀጥታ መስመር እየታየ ከተሳተ፣ ዳኛ ባይኖርም፣ ተጋጣሚው ኳሶቹ እንዲመለሱ መጠየቅ ይችላል። ተከልሎ ከሆነ ግን አይመለስም። ይህ የቤቱ ስምምነት ነው፤ ዓለም አቀፉ ሕግ እንዲህ አይከፍለውም። ለእኛ ደረጃ ግን ይሠራል።

የስልክ ቪዲዮም እንደተጠበቀው አልሆነም። የትኛው ኳስ መጀመሪያ እንደተመታ ለማወቅ በጣም ጥሩ ነው። ኳስ ወደ ቦታው ለመመለስ ግማሽ መንገድ ይወስዳል። ፍሪ ቦል ለመፍረድ ግን አይጠቅምም፤ ከነጯ ኋላ ካልተቀረጸ የጠርዙን ነገር አያሳይም። ፍሪ ቦል የሚፈረደው ኳሶቹ ሳይነኩ፣ እዚያው፣ ጎንበስ ተብሎ ነው።

ለሌሎች ቤቶች

ይህን ጉዳይ የሚያነብ የቤት ባለቤት ወይም ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ነገር ብቻ መውሰድ ከፈለገ ቅደም ተከተሉን ይውሰድ። የእኛ ቤት ክርክር የተወሳሰበው አራት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ስለተነሳ ነው። አንዱ ስለ ነጥብ ሲያወራ ሌላው ስለ ፍሪ ቦል ይመልስለታል። ሁሉም ልክ ነኝ ይላል፤ ስለተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። ጥያቄዎቹ ሲለያዩ እያንዳንዳቸው ለመመለስ ቀላል ነበሩ።

ከሌላ ቤት የመጣ ሰው ያለበት ውድድር ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ጮክ ተብሎ ይነገር። የፋውል ዋጋ እንደ ኳሱ ነው ወይስ ሁሌ አራት? ሚስ አለ ወይስ የለም? ነጯን መንካት ያስቀጣል ወይስ አያስቀጣም? መልሱ ከዓለም አቀፉ ሕግ ቢለይ እንኳ ችግር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ከመጀመሪያው ምት በፊት ይስሙት እንጂ። ተሸናፊ የሚከፍልበት የዘወትር ጨዋታ ላይም ይሄው ይሠራል።

ፑል የለመደ ልጅ ስኑከር ሲጀምር ከምንም በፊት ስለ እጁ ይነገረው። ነጥብ አቆጣጠሩን ቀስ ብሎ ይደርስበታል። ነጯን የማንሳት ልማድ ግን ሳያስበው ነው የሚመጣው፤ ከላይ እንደታየው አንድ ፍሬም ሊያሳጣ ይችላል።

የፒያሳዎቹ ጓደኞች ቅሬታም መልስ አግኝቷል። ከሚቀጥለው ውድድር ጀምሮ ነጯን ያለ መብት ያነሳ ሰው እንደ ሕጉ ይቀጣል፤ ነጥቡም ለተጋጣሚው ይያዛል። ይህን ሐሳብ ስብሰባው ላይ ያቀረበው ወጣቱ ነው። ጋሼ ደገፉት።